ዘጠነኛው ፉርጎ

ባለፈው ወር ስልኬ ቻርጅ አላደርግ ብሎኝ የእኛ አገር ሰዎች ሱቅ የበዛበት ጀፕ ሰፈር ወዳለ አንድ ጠጋኝ ወሰድኩት። ሰውየው ከደረጃ ሥር በምትገኝ ጠባብ ቦታ ተቀምጦ በጋለ ብረት ጫፍ እርሳስ ያቀልጣል። የሚወጣው ጭስ ክር የመሰለ ነው፤ የሙጫና የሞቀ አቧራ ሽታ አለው። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፣ ሻይ ጠጥተሽ ተመለሺ አለኝ። አልሄድኩም። ግድግዳውን ተደግፌ ሥራው እስኪያልቅ ቆምኩ። ሽታውን ከየት እንደማውቀው ለማስታወስ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ ሮዘተንቪል የሚባል ሰፈር ስንኖር ከጎናችን የነበረው የኦም ሄኒ ጋራዥ ሽታ ነው።

በዚያ ጋራዥ ያሳለፍኩት አንድ ክረምት ብቻ ነበር። ክረምት ስል የዚህን የደቡብ ጫፍ አገር ማለቴ ነው፤ ዝናብ የሌለው፣ ሣሩ ገርጥቶ በየመንገዱ ዳር የሚቃጠልበት፣ ጠዋት ጠዋት የቧንቧ ውሃ ጣት የሚቆርጥበት ሰኔና ሐምሌ። ዐሥር ዓመቴ ነበር።

የዚያን ዓመት አባባ ተሾመ፣ የእናቴ አባት፣ ከድሬዳዋ መጡ። የመጡት ለዓይናቸው ነው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበር፤ ሐኪሙ አንዱን አሁን፣ ሌላውን ከስድስት ሳምንት በኋላ እሠራዋለሁ አለ። እናቴ ሆስፒታል ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ አባቴ ጠዋት ወጥቶ ሲመሽ ይመለሳል። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር አባባን መጠበቅ የእኔ ሥራ ሆነ። ሥራው ቀላል ነው። በቀን አራት ጊዜ ጠብታ አደርግላቸዋለሁ፤ ዓይናቸውን እንዳያሹና ከባድ ዕቃ እንዳያነሡ አያለሁ። የቀረውን ሰዓት ግቢው ውስጥ ወንበር አውጥተን ፀሐይ እንሞቃለን።

ብዙ የምናገር ልጅ አልነበርኩም። አስተማሪዬ በየተርሙ ሪፖርት ካርዴ ላይ የምትጽፈው አንድ ነገር ነበር፤ ጎበዝ ናት፣ ድምፅዋ ግን አይሰማም። አባባም ዝምተኛ ስለነበሩ ተስማማን። ዕድሜያቸውን ሙሉ በባቡር እንደሠሩ አውቃለሁ። ሥራቸው ባቡር መንዳት ሳይሆን ባቡር ማሰናዳት ነበር፤ የትኛው ፉርጎ ከየትኛው ኋላ ይቀጠላል፣ ማን ይቀድማል፣ ማን ይቆያል። ይህን ሲነግሩኝ ከትምህርት ቤት ሰልፍ ብዙም የተለየ አልመሰለኝም።

ኦም ሄኒን ያገኘነው በአጥሩ በኩል ነው። "ኦም" በዚህ አገር ነጮች ቋንቋ አጎት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ይጠራዋል። ጡረታ የወጣ ነጭ ሽማግሌ ነው። እሱም ዕድሜውን ፉርጎ ሲቀጥልና ሲፈታ የኖረ ነው፤ ከግራ እጁ ሁለት ጣት የጎደለው በዚያ ሥራ ነው። አባባን አንድ ዓይናቸው ታሽጎ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሲያያቸው በዙሉ "ሳውቦና፣ ባባ" አላቸው። ለጥቁር ሽማግሌ የሚያውቀው ሰላምታ ያ ነበር። አባባ ደግሞ ነጭ ሰው ሲያዩ አፋቸው ላይ የሚመጣው የድሬዳዋ ፈረንሳይኛ ነው፤ "ቦንዡር ሙሴ" አሉት። ከዚያ ሁለቱም የሚሉት ጠፋቸውና ወደ እኔ ዞሩ።

በዚህ ሁኔታ አስተርጓሚ ሆንኩ። የሚገርመኝ ሳስተረጉም የማላፍር መሆኔ ነበር። ቃሉ የእኔ ስላልሆነ የሚሳቅበትም እኔ አልነበርኩም።

ጋራዡ ውስጥ መኪና ገብቶ አያውቅም። በሦስቱ ግድግዳዎች ዙሪያ ደረቴ ድረስ የሚመጣ የጣውላ ጠረጴዛ ተገጥሟል። በላዩ ሃዲድ፣ ጣቢያ፣ ድልድይ፣ የከሰል ክምር አለ። ፉርጎዎቹ የመካከለኛ ጣት ያህል ናቸው። ከጠረጴዛው ሥር ሽቦው ተጠላልፎ ተንጠልጥሏል፤ አንዱ በተበጠሰ ቁጥር ኦም ሄኒ እርሳስ አቅልጦ ይቀጥለዋል።

አባባ መጀመሪያ የገቡ ቀን በተሠራው ዓይናቸው ፉርጎዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ "ይኼ ሁሉ ፉርጎ በአንድ ሃዲድ ላይ ምን ይሠራል? ጦርነት ነው እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። ሳስተረጉምለት ኦም ሄኒ ወደ ቤቱ ገብቶ ለአባባ ወንበር ይዞላቸው መጣ።

እውነትም ጦርነት ነበር። ኦም ሄኒ ከዘመን ሁሉ መርጦ ጠረጴዛው ላይ የሚያስኬደው የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ዓመታት ነው፤ በዚያ ጊዜ አባቱ ከሰል ወደ ወደብ ያመላልስ ነበር። በሰላም ጊዜ ባቡር ማንም ያስኬዳል አለን። በጦርነት ጊዜ ሃዲዱ ያው ነው፣ ጭነቱ ግን እጥፍ ድርብ ይሆናል፤ ሎኮሞቲቭ ያንሳል፣ ሠራተኛ ያንሳል፣ ፉርጎው ከየአቅጣጫው ተለቃቅሞ ይመጣል፣ አንዱ ሲያልፍ ሌላው መቆም አለበት። ሰውየው ሥራውን ማወቅ አለማወቁ የሚታየው ያኔ ነው። አሻንጉሊት ይመስላቸዋል ብሎ ፈርቶ ይሆናል፣ ብዙ አስረዳን።

ደንቡ ጥብቅ ነበር። እያንዳንዱ ፉርጎ የራሱ ካርድ አለው፤ ካርዱ ላይ ከየት እንደተነሣ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደጫነ ይጻፋል። ካርድ የሌለው ፉርጎ አይነቃነቅም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ፈጥኖ እንዲዞር ተደርጓል፤ የእሱ አንድ ቀን በእኛ ሁለት ሰዓት ያልቃል። የጦር ባቡር ካርዱ ቀይ ነው። ቀይ ካርድ ሁልጊዜ በቀጥታው ሃዲድ ያልፋል፤ ሌላው ባቡር ወደ ጎን፣ ወደ መተላለፊያው ሃዲድ ገብቶ እስኪያልፍ ይጠብቀዋል። ይህን ስነግራቸው አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። የእኛም እንደዚያ ነበር አሉ።

የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ስለሆነ ካርድ መጻፍ የእኔ ድርሻ ሆነ። ከሰል፣ የቆርቆሮ ሥጋ፣ በቅሎ፣ የድንኳን ሸራ፤ ኦም ሄኒ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ጦርነት ማለት ቀይ ካርድ የበዛበት ጊዜ ማለት መሰለኝ። ሰው የሚሞትበት ነገር መሆኑን ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፤ ሁለቱን ግን አላገናኘኋቸውም።

እሑድ እሑድ አንቲ ዘይነባ ትመጣለች። ጀፕ ውስጥ ብርድ ልብስ በጅምላ የምትሸጥ፣ እስከ ዳቬይተን ላሉ ስፓዛ ለሚባሉ የሰፈር ሱቆች ባኪዋን፣ ፒካፕ መኪናዋን፣ ራሷ እየነዳች የምታከፋፍል ሴት ናት። በሥጋ አንዛመድም። አባቷ ከአባባ ጋር በባቡር የሚሠራ የሃዲድ ጠጋኝ ነበር፤ እሷም ልጅ ሆና ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ዓመት በአባባ ግቢ ተጠግቶ ኖሯል። አባባን "ጋሼ" ትላቸዋለች፣ እሳቸው "ዘይኑ" ይሏታል። የመጀመሪያውን ዓይናቸውን ሊያሠሩ ሲሄዱም የወሰደቻቸው እሷ ነበረች። ስትመጣ ከደንበኞቿ የለመደችውን ዙሉ እየቀላቀለች እናቴን ታስቃታለች። እኔን ደግሞ "አንቺ ዲዳ፣ ዛሬ ስንት ቃል ተናገርሽ? ሦስት? አራተኛውን ለኔ አስቀምጪልኝ" ትለኛለች። አልከፋም ነበር።

አንድ እሑድ ኦም ሄኒ ጋ እያለን ፈልጋን መጣች። ቆም ብላ ስታይ መብራት ጠፋ፤ መብራት በየሰፈሩ በተራ የሚጠፋበት ሎድ ሼዲንግ ነበር። ባቡሮቹ ባሉበት ቀሩ። ኦም ሄኒ ሰዓቱን አቆመ፣ ብርሃን እንዲገባ የጋራዡን በር ወደ ላይ ከፈተ፣ መብራት እስኪመጣ ማንም ፉርጎ እንዳይነካ ብሎ አስጠነቀቀን። ከመቀመጥ በቀር ሥራ አልነበረም። አንቲ ዘይነባ ድልድዩ ላይ የቆመውን ቦቴ ፉርጎ እያየች የውሃ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የነዳጅ ነው አልኳት። የኛ የውሃ ነበር አለች።

ታሪኩን የሰማሁት ያን ቀን ነው። የምትናገረው እሷ ነበረች፤ እኔ ለኦም ሄኒ አስተረጉማለሁ፤ አባባ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

አባቷ የሚሠራባት ጣቢያ ከድሬዳዋ በስተምሥራቅ በረሃው ላይ ነበረች። ዐሥር ያህል ቤተሰብ አለ፤ ጉድጓድ የለም፣ ወንዝ የለም። ውሃ የሚመጣላቸው በባቡር ነው። የዕቃው ባቡር ጭራው ላይ ቦቴ ቀጥሎ ይመጣል፤ ጣቢያዋ ላይ የሞላውን ይተዉና ባዶውን ይዘው ይመለሳሉ። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ አንድ ቀን ባቡሩ ያለ ቦቴ መጥቶ አለፈ። በማግሥቱ ሃዲዱ ተቆረጠ፤ ሌላ ባቡር አልመጣም። ሁለት ቀን ጠበቁ። በሦስተኛው ቀን ሁሉም በእግራቸው ወጡ። አንቲ ዘይነባ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ድሬዳዋ አልደረሰም።

ስትናገር ድምፅዋ አልተለወጠም። ሰው ስለ ድሮ ሰፈሩ እንደሚያወራ ነበር የምታወራው።

"ጋሼ ምን ያድርጉ?" አለች በመጨረሻ። "ባቡሩ ዘጠኝ ፉርጎ ነው። መንገድ ላይ ከጦር ባቡር ጋር ይገናኛል፤ መተላለፊያው የሚይዘው ደግሞ ስምንት ነው። አንዱ መቅረት ነበረበት። ሌላ መንገድ አልነበረም።"

እንደ ተሸመደደ ነገር ነው ያለችው። አባባ ያኔ ለአባቷ የነገሩትን፣ አባቷም ለእሷ የነገራትን ነበር የምትደግመው። ቦቴውን ፈትተው ያስቀሩት ራሳቸው አባባ መሆናቸው የገባኝ ዓረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ ተናግሬ ስጨርስ ነው።

ኦም ሄኒ ሐዘኑን አልገለጸም፤ ጥያቄ ጠየቀ። ለምን ጭራው ቀረ? ከመካከል ሌላ ፉርጎ ለምን አልወጣም? ቃሉን ማለስለስ አልቻልኩበትምና እንዳለ አስተረጎምኩት። አባባ ጊዜ አልነበረም አሉ። የጦሩ ባቡር ከወዲያኛው ጫፍ ተነሥቷል፤ ድሬዳዋ ላይ የሚገባበት ቦታ መለቀቅ ስላለበት የእሳቸው ባቡር የግድ መውጣት አለበት። ከመካከል አንድ ፉርጎ ለማውጣት ባቡሩን መበታተን ያስፈልጋል፤ ለጭራው ግን አንድ መቀጣጠያ መፍታት ብቻ ይበቃል። ነገ ይሄዳል ብዬ ነው አሉ።

ኦም ሄኒ ጠረጴዛውን አየ፣ የጣቢያዎቹን ርቀት በዓይኑ ለካ፤ ያን ቀን እዚህ ላይ ልክ እንደነበረ ማስኬድ እንችላለን አለ። ክፋት አልነበረውም። ለእሱ የፉርጎ ጥያቄ የፉርጎ ጥያቄ ነው። አንቲ ዘይነባ ሳቀች። ይሞክሩት ጋሼ፣ አለመቻሉን በዓይኑ ይየው አለች። አባባ "ይሞከር" አሉ።

ለምን እሺ እንዳሉ ያኔ አልጠየቅኩም። አሁን ሳስበው፣ ሌላ መንገድ እንዳልነበረ ከሌላ ባቡር ሠራተኛ አፍ መስማት ፈልገው ነበር። መንገድ ከነበረ የሚያጡት ዘይነባን ነው።

በሳምንቱ ውስጥ ካርዶቹን ጻፍን። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ከፊት ወደ ኋላ ይነግሩኛል፤ ሁለት ፉርጎ ቡና፣ ሁለት ቆዳ፣ ሦስት ባቄላ፣ አንድ ባዶ ጠርሙስ፣ አንድ ውሃ። ስንት ዓመት አልፎ አንዱም አልጠፋቸውም። የጦሩ ባቡር ስድስት ፉርጎ ነበር። ምን ጭኖ ነበር ብዬ ስጠይቃቸው የጨፈኑትን ዓይናቸውን ከፈቱ። "ባዶ" አሉ። ወታደሩን አውርዶ ሌላ ሊጭን የሚመለስ ነው። ስድስት ቀይ ካርድ ላይ ስድስት ጊዜ ባዶ ብዬ ጻፍኩ።

ቅዳሜ ቀኑን አስኬድነው። ኦም ሄኒ የመተላለፊያውን ሃዲድ ስምንት ፉርጎ ብቻ እንዲይዝ አድርጎ አሳጥሮታል፤ ለበረሃዋ ጣቢያ የክብሪት ቀፎ አስቀምጧል። ዘጠኙ ፉርጎ ወደ ጎን ሲገባ የቦቴው ጫፍ ወደ ዋናው ሃዲድ አንድ ጣት ተርፎ ይቀራል፤ ቀዩ ባቡር ማለፍ አይችልም። ወደ ፊት አስጠጋነው፣ ወደ ኋላ መለስነው፣ ፍጥነቱን ለወጥነው። አራት ጊዜ ሞከርን፤ አራቱንም ጊዜ ቦቴው ተረፈ። ኦም ሄኒ በመጨረሻ ሦስት ጣት ያለውን እጁን አባባ ትከሻ ላይ አደረገና ማንም ሰው ከዚህ የተሻለ ሊያደርግ አይችልም ነበር አለ። አባባ ያንን ሁለት ጊዜ አስተርጉሚልኝ አሉኝ። ያን ቀን ምሳቸውን አስጨምረው በሉ፤ እናቴ አየሩ ተስማማቸው አለች።

ሰኞ ኦም ሄኒ ዕቃ ሊገዛ ሲወጣ ፉርጎዎቹን በብሩሽ እንዳራግፍ ጋራዡን ክፍት ተወልኝ። አባባ አጥሩ አጠገብ ፀሐይ ላይ ነበሩ። አቧራውን ካራገፍኩ በኋላ ያን ቀን ብቻዬን ላስኬደው ብዬ ጀመርኩ። እኔ የማየው ይህን ነበር። ዘጠኙ አይበቃውም፤ ስድስቱ ግን ይበቃዋል። ስድስቱ ባዶ ነው፤ ባዶ ነገር አይቸኩልም። ቀዩን ባቡር ወደ መተላለፊያው አስገባሁት፤ ሁለት ፉርጎ የሚያህል ቦታ ተረፈው። ዘጠኙን በቀጥታው ሃዲድ አሳለፍኩት። ቦቴው ከጭራው ሳይፈታ የክብሪት ቀፎዋ ጋ ደርሶ ቆመ።

አስቸጋሪ የሒሳብ ጥያቄ የሠራሁ ያህል ደስ አለኝ። መልስ ሲገኝ ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል ብዬ አምን ነበር።

"አባባ፣ ቦቴው ደረሰ" ብዬ ተጣራሁ።

መጥተው አዩ። እንደገና አሳዪኝ አሉ፤ አሳየኋቸው። "ቀዩን ነው ወደ ጎን ያስገባሽው" አሉ። ባዶ ስለሆነ ነው አልኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው ቦቴውን ሊነኩት ሲሉ ተዉት። ኦም ሄኒ ሲመለስ በኩራት ነገርኩት፤ ቀይ ካርድ ወደ ጎን አይገባም፣ ጭነቱ ምንም ይሁን ምን፣ ይኼ ደንብ ነው አለኝ። አባባ ይህን ሰሙና "ስልክ ቢደወልስ ብለሽ ጠይቂው" አሉኝ። ጠየቅኩት። ኦም ሄኒ የያዘውን ፌስታል መሬት ላይ አስቀመጠ። አባባን እንጂ እኔን አላየኝም። ቢደወልና የሚሰማ ሰው ቢኖር ይቻል ነበር አለ። ቃል በቃል አስተረጎምኩት።

ከዚያ ቀን በኋላ አባባ ጋራዥ መሄድ ተዉ። ጠብታውን ሳደርግላቸው ጣሪያውን ያያሉ፤ ምግብ ይቀርብላቸዋል፣ ነካክተው ይተዉታል። ደንብ ስለጣስኩ ተቆጥተውኛል ብዬ ደመደምኩ። ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል አልታየኝም። በቃሌ ይቅርታ መጠየቅ ስላልቻልኩ በአንድ ባዶ ካርድ ላይ "ሁለተኛ ቀይ ካርድ ወደ ጎን አላስገባም" ብዬ ጽፌ ከጠብታው ጠርሙስ ሥር አስቀመጥኩላቸው። አስጠግተው አነበቡት፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። "አንቺ ልክ ነሽ" አሉኝ። ይቅርታ መጠየቄ ልክ ነው ያሉኝ መሰለኝና ቀለለኝ።

እሑድ አንቲ ዘይነባ መጣች። እናቴ ምሳ እያቀረበች ነበር። አባባ ከዘይነባ ጋር ኦም ሄኒ ጋ ደርሰን እንመጣለን፣ ልጅቷም ትምጣ አሉ። ኦም ሄኒ ከፍቶልን ወደ ቤቱ ገባ፤ ሊቆይ አልፈለገም። አባባ ወንበር አልያዙም። በሩ አጠገብ ቆመው "አሳዪያት" አሉኝ።

የማስተረጉምለት ሰው አልነበረም። ቃሉ የራሴ ሊሆን ነው። ይህ ዘጠኙ ነው አልኩ፣ ይህ ስድስቱ ነው፣ ስድስቱ ባዶ ነው። ቀዩን አስገባሁት፤ ዘጠኙን አሳለፍኩት። የክብሪት ቀፎዋ ጋ ሲቆም "ደረሰ" አልኩ።

"አንቺ ዲዳ፣ ጭራሽ ኢንጂነር ሆነሻል" አለች አንቲ ዘይነባ እየሳቀች። ከዚያ አባባ አለመሳቃቸውን አየች።

"ይኼ ያኔም ይቻል ነበር?" አለች። የጠየቀችው እኔን አይደለም።

"ይቻል ነበር" አሉ አባባ።

"ያውቁ ነበር?"

"ማንም ባቡር ያሰናዳ ሰው ያውቀዋል። የጦር ባቡር ወደ ጎን እንዲገባ መኮንኑን መጠየቅ ያስፈልጋል።"

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እሳቸው የማያውቁትን ነገር ያገኘሁላቸው ይመስለኝ ነበር።

"እና እንቢ አሉዎት?"

"አልጠየቅኩም፣ ዘይኑ። መኮንኑ ይጮህ ነበር፤ ሰው ሁሉ ይፈራዋል። ስልኩን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት።"

አንቲ ዘይነባ ጠረጴዛውን ይዛ ቆማለች። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አላለቀሰችም። እንደገና አሳዪኝ አለችኝ። አሳየኋት። አሁንም እንደገና አለች። በሦስተኛው ላይ ወገቧን አጥፋ ዓይኗን ከክብሪት ቀፎዋ ጋር አስተካከለች፤ ሎኮሞቲቩ፣ ቡናው፣ ቆዳው፣ ባቄላው፣ ጠርሙሱ በፊቷ አለፈ፣ ቦቴው መጥቶ ቆመ። በዚያው ጎንበስ እንዳለች ቆየች። ሲበቃት ቀና አለች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ቁልፏን ከቦርሳዋ አወጣች። በአባባ አጠገብ አልፋ ወጣች። ምሳ አልበላችም። እናቴ ምን ሆነች ብላ አባባን ጠየቀቻቸው፤ ሥራ አለባት አሉ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

ሁለተኛው ዓይናቸው የሚሠራው ማክሰኞ ነበር። ሰኞ ማታ አባባ ለእናቴ ዘይነባ ስለማትመጣ ሌላ ሰው ፈልጊ አሏት፤ እናቴ ስልክ ስትደውልላት አታነሣም። እናቴ ከሥራ ፈቃድ ለመጠየቅ ተዘጋጅታ አደረች።

ማክሰኞ ገና ሳይነጋጋ የባኪው ጥሩንባ ተሰማ። አንቲ ዘይነባ ወርዳ በሩን ከፈተችላቸው። ብርድ ስለነበር መቀመጫው ላይ ከሱቋ ያመጣችውን አዲስ ብርድ ልብስ ዘርግታለች። ክንዳቸውን ይዛ ወደ መኪናው አወጣቻቸው፣ ጭንቅላታቸው እንዳይመታ በእጇ ከለለችላቸው፣ ወረቀታቸውን ተቀብላ ተራ በተራ አየችው። በፊት ከምታደርገው አንድም ያጎደለችው አልነበረም። እኔ ጠብታቸውን ይዤ በመካከላቸው ተቀመጥኩ።

"አቶ ተሾመ፣ ቀበቶዎን ይሰሩ" አለች።

አባባ ቀበቶውን ፈለጉት። በእጃቸው ይዘውታል፣ ግን ማስገቢያውን አላገኙትም። እጄን ዘርግቼ አሰርኩላቸው። "አመሰግናለሁ፣ ወይዘሮ ዘይነባ" አሉ ወደ ፊት እያዩ።

መንገዱ ባዶ ነበር። ጋሼ ማለት ለምን እንደተወች አልጠየቅኩም። ሆስፒታል ውስጥ ነርሶቹ ሰውን በሙሉ ስሙ ነው የሚጠሩት፤ ሁለቱም ከአሁኑ እየተለማመዱ መሰለኝ።